ስለ ክር ጥንካሬ፦ ከኮተቤ እንዝርት እስከ ካርቦን ፈትል

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም ማለት ይቻላል። ተረቱ የሚነገረው ስለ ኅብረት ለመምከር ነው፤ ስለ ድር ብሎ የሚጠቅሰው ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ተረቱን እንደ ቃሉ ወስደን «ድር የሚያብረው እንዴት ነው?» ብለን ብንጠይቅ መልሱ ቀላል ሆኖ አይገኝም። አንድ የጥጥ ፀጉር ርዝመቱ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከእነዚህ አጫጭር ፀጉሮች ግን አንዲት ፈታይ በመቶ ክንድ የሚቈጠር ያልተቋረጠ ክር ታወጣለች። በፀጉሮቹ መካከል ሙጫ የለም፤ ቋጠሮም የለም። ታዲያ አንዱን ከሌላው ጋራ አጥብቆ የያዘው ምንድን ነው?

በዚህ አጭር ጥናት ሁለት ታሪኮችን ጎን ለጎን አቀርባለሁ። አንደኛው በአዲስ አበባ ምሥራቅ እስከ ዛሬ የሚሠራበት የእጅ ፈትል ታሪክ ነው። ሁለተኛው ካለፉት ሃያ ከሚበልጡ ዓመታት ወዲህ ሊቃውንት ካርቦን ናኖቱብ ከሚባሉት እጅግ ደቃቅ የካርቦን ቧንቧዎች ክር ለመፍተል ያደረጉት ጥረት ታሪክ ነው። ለማስረዳት የምሞክረውም ይህ ነው፤ በሁለቱም ታሪኮች ችግሩ አንድ ነው፣ መፍትሔውም የአንድ ቤተ ሰብ ነው፤ መፍትሔውን አስቀድማ የያዘችው ፈታይ ግን እንደ ዐዋቂ ሳትቈጠር ኖራለች። ለመጀመሪያው ክፍል በኮተቤና በካራ የሚኖሩ ሦስት ፈታይ እናቶችን እየሄድኩ ጠይቄአለሁ፤ ለሁለተኛው የታተሙትን የምርምር ጽሑፎች ተመልክቻለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ዓ.ም. የሚል ካልተጨመረ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

1. ክርና መክረር

በቋንቋችን ክር የሚለው ስም ከረረ ከሚለው ግሥ ጋራ አንድ ሥር አለው። ከረረ ማለት በጥብቅ ተጠመዘዘ ማለት ነው፤ ተቃራኒው ላላ ነው። ስለ ጠብ ስንናገር እንኳ «ነገሩ ከረረ» እንላለን፤ ሽማግሌም ሲመክር «ሲከር ይበጠሳልና አላሉት» ይላል። እንግዲህ ክር የተጠራው በተሠራበት በጥጥ ሳይሆን በተደረገለት በመጠምዘዙ ነው። የቋንቋው ባለቤቶች የክር ምሥጢር ከምኑ ላይ እንደ ሆነ አስቀድመው ተረድተው እንደ ነበረ ይህ ብቻውን ይመሰክራል።

ሥራው በአገራችን የቆየ ነው። በአክሱም አካባቢ በተደረገው ቁፋሮ በእንዝርት ላይ የሚደረጉ፣ መካከላቸው የተበሳ ክብ ክብደቶች ተገኝተዋል። የ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዒዛናም በኖባ ላይ ያደረገውን ዘመቻ በድንጋይ ባስጻፈ ጊዜ ከጠፋው የጠላት ሀብት መካከል ጥጥን ቈጥሮታል። በኋላ ዘመንም መሸመን በብዛት የወንድ፣ መፍተል የሴት ሥራ ሆኖ ኖረ። ከባላገር ሚስት አንሥቶ እስከ ባላባት እመቤት ድረስ እንዝርት የማይዝ እጅ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ሊስተዋል ይገባል። ሸማኔው እንደ ሌሎቹ የእጅ ባለሙያዎች በሥራው ይሰደብ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ፈታይዋን ግን በመፍተሏ የሰደባት አልነበረም። የደረሰባት ሌላ ነው፤ ሥራዋ እንደ ወጥ መሥራትና እንደ ውሃ መቅዳት ከቤት ሥራ ተደምሮ ቀረ። የተሰደበ ሥራ ቢያንስ ስም አለው፤ ከቤት ሥራ የተደመረ ግን ታሪክ ጸሐፊም አያነሣው።

እኔም በዚህ ነገር ንጹሕ አይደለሁም። ሁለተኛ ደረጃ በተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ለሴቶች ልጆች የእጅ ሥራ ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ የሚማሩትም ከውጭ በመጣ ክር ጥልፍና ሹራብ መሥራት ነበር። ከግቢው አጥር ውጭ በየደጃፉ ተቀምጠው የሚፈትሉትን እናቶች ጠርቶ «ይህን አስተምሩን» ያለ አልነበረም፤ እኔም ያን ጊዜ ይህ የሚያስገርም ነገር መስሎ አልታየኝም።

2. በኮተቤ የታየው

ከሦስቱ እናቶች በዕድሜ ታላቋ ሥራውን ከመጀመሪያው አሳዩኝ። ጥጡ በመጀመሪያ ይዳመጣል፤ ማለት በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በብረት ዘንግ እየተዳመጠ ፍሬው ይወጣል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት በጥጡ ውስጥ ሲንዘረዘር የተቋጠረው ይፈታል፣ ቆሻሻው ይረግፋል፣ ጥጡም እንደ ደመና ይነፋና ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በልኩ እየተጠቀለለ አመልማሎ ይሆናል። ከዚህ በኋላ በግራ እጃቸው አመልማሎውን ይዘው፣ በቀኛቸው እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አንከባለው ያሾሩታል። እንዝርቱ ሲሾር ግራ እጃቸው ወደ ላይ ይሸሻል፤ በሁለቱ እጆች መካከልም ክሩ ይወለዳል። የተፈተለውን በእንዝርቱ ላይ እየጠቀለሉ ልቃቂቱን ያሳድጋሉ።

ወንድ ልጅ እንዝርት ሲይዝ ማየት በዚያ ግቢ አዲስ ነገር ስለ ነበረ ጎረቤቶች ሊያዩኝ ተሰበሰቡ። አምስት ጊዜ ሞከርኩ፤ አምስት ጊዜም ተበጠሰብኝ። እሳቸውም ሳቃቸውን ገትተው «ልጄ፣ እጅህ ቸኰለ። ሳይከር ሳብከው። መጀመሪያ ይዙር፣ ቀጥሎ ሳበው፤ ሲበቃው ጣትህ ላይ ይታወቅሃል» አሉኝ። እኔም ያሉትን ለመመርመር ሦስት ቀላል ሙከራዎች አደረግሁ።

በመጀመሪያ አንድ ስንዝር ያህል የተፈተለ ክር ወስጄ ወደ ተቃራኒው በኩል እያዞርኩ ፈታሁት፤ ከዚያም በሁለት እጄ ቀስ ብዬ ሳብኩት። ክሩ ድምፅ ሳያሰማ ተለያየ። ጫፎቹን በማጉያ መነጽር ስመለከት ፀጉሮቹ አልተሰበሩም፤ አንዱ ከአንዱ ጎን ተንሸራትቶ ወጥቶ ነበር። ሁለተኛ፣ ሌላ ተመሳሳይ ክር እንደ ተፈተለ ሳብኩት፤ ብዙ ከተቋቋመ በኋላ «ጥው» ብሎ ተበጠሰ። ሦስተኛ፣ ክሩን ከልክ በላይ አከረርኩት፤ በራሱ ላይ እየተጠማዘዘ ተቋጠረ፣ ስስበውም ከሁለተኛው ቀድሞ ተበጠሰ።

የዚህ ምክንያት እንዲህ ነው። የተጠመዘዘ ክር ሲሳብ ፀጉሮቹ እርስ በርሳቸው ይጫጫናሉ፤ ሲጫጫኑ መንሸራተት ይከለከላሉ። ስለዚህ የሚለያየው ጉልበት ራሱ የሚያጣብቅ ጉልበት ይሆናል። መጠምዘዙ ሲያንስ መያዣው ይጠፋል፤ ሲበዛ ደግሞ ፀጉሮቹ ከሚሳቡበት አቅጣጫ ዘመም ስለሚሉ ጉልበታቸው ይባክናል። በሁለቱ መካከል አንድ ልክ አለ። ፈታይዋ ያን ልክ የምታውቀው በጣቶቿ ነው።

ልኩም አንድ ብቻ አይደለም። ድር በሸማኔው ዕቃ ላይ ተወጥሮ ስለሚውል ከረር ብሎ ይፈተላል። ማግ ግን በድሩ መካከል የሚገባ እንጂ የሚወጠር ስላልሆነ ላላ ተደርጎ ይፈተላል፤ የነጠላና የጋቢ ልስላሴና ሙቀት ከዚህ ይመጣል። አንዲት እጅ ከአንድ አመልማሎ ሁለት ዓይነት ክር እንደ ፈቃዷ የምታወጣ ከሆነ፣ ይህን ዕውቀት ከማለት በቀር ሌላ ስም ልንሰጠው አንችልም።

3. የፋብሪካው ድር

በ1939 በጣልያን ወረራ ዘመን የድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ በ1961 ደግሞ ከጣልያን የጦር ካሣ በተገኘው ገንዘብ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በእነዚህና በሌሎች ፋብሪካዎች የተፈተለው ክር፣ ከውጭ ከሚገባው ጋራ፣ ወደ ሸማኔው ጎጆ ገባ። በመኪና የተፈተለ ክር ከዳር እስከ ዳር እኩል ስለ ሆነ ለድር ይመቻል፤ ዋጋውም ይረክሳል። ስለዚህ ሸማኔው ድሩን ከፋብሪካ፣ ማጉን ከእጅ ፈታይ መውሰድ ልማዱ ሆነ። ዛሬ ብዙው የሀገር ልብስ እንዲህ ባለ ጋብቻ የተሠራ ነው።

ፋብሪካው መምጣቱ ክፉ ነበር ለማለት አይደለም፤ ብዙ ሕዝብ በርካሽ ለብሷል። ሆኖም የጠፋውን መቍጠር የታሪክ ተማሪ ግዴታ ነው። ድር መፍተል ማለት እጅግ የከረረና እኩል የሆነ ክር ማውጣት ሲሆን ከሁለቱ የሚከብደው እርሱ ነበር። ካነጋገርኳቸው ሦስት እናቶች ድር መፍተል የሚችሉት ታላቋ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ገዢ ስለሌለው ከተዉት ዘመን አልፏል። ሴት ልጆቻቸው እንዝርት አይነኩም። ስለ ዋጋው ስጠይቃቸው «ሸማኔው ክሬን ሲዳስሰው የማን እጅ እንደ ሆነ ያውቃል፤ ገዢው ግን የሚያየው ጥለቱን ነው» አሉኝ።

4. በቦሌ ሰማይ ላይ ያለ ክር

ከኮተቤ ወደ ቦሌ ሩቅ አይደለም፤ እናቶቹ በሚፈትሉበት ግቢ ላይም አውሮፕላን ሲያልፍ ይሰማል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ ቦይንግ 787 የተባለውን አውሮፕላን ተቀበለ። የዚህ አውሮፕላን ክብደት እኩሌታ ያህሉ ብረት ሳይሆን በሙጫ ከተያያዘ የካርቦን ክር የተሠራ ነው። ክንፉም ገላውም በአብዛኛው ክር ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

የካርቦን ክር ታሪክ ራሱ የሚጀምረው ከጥጥ ነው። በ1879 ቶማስ ኤዲሰን የኤሌክትሪክ አምፖል ሲሠራ የጥጥ መስፊያ ክርን በእሳት አክስሎ፣ የቀረውን የካርቦን ክር በብርጭቆው ውስጥ አበራው። ያ የከሰለ ክር ያበራ ነበር እንጂ ጥንካሬ አልነበረውም። ጠንካራው የመጣው ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በአሜሪካ ሮጀር ቤከን፣ በጃፓን አኪዮ ሺንዶ ባደረጉት ምርምር ነው። የሺንዶ መንገድ ሰው ሠራሽ ክርን አስቀድሞ ፈትሎ በኋላ በከፍተኛ ሙቀት ማክሰል ነበር፤ ዛሬ የአውሮፕላን ካርቦን በብዛት የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ነው። በዚህ አሠራር መፍተሉ የሚቀድመው ካርቦን ከመሆኑ በፊት ነው። ካርቦኑን ራሱን እንደ ጥጥ መፍተል ይቻላልን? የሚለው ጥያቄ የተነሣው ናኖቱብ ከታወቀ በኋላ ነው።

5. የካርቦን ፈትል

ካርቦን ናኖቱብ የካርቦን አተሞች እንደ ሰሌን ተጠልፈው የተጠቀለሉበት ቧንቧ ነው። የሶቪየት ተመራማሪዎች በ1952 እንዲህ ያሉ ቧንቧዎችን የሚያሳይ ምስል አሳትመው ነበር፤ ዓለም ልብ ያለው ግን ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ በ1991 ስለዚሁ ከጻፈ በኋላ ነው። ውፍረቱ በናኖሜትር፣ ማለት በሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ይለካል። በ2000 አንዳንዱ ቧንቧ ለብቻው ተስቦ ሲለካ ጥንካሬው ከ11 እስከ 63 ጊጋፓስካል ሆኖ ተገኘ። አንድ ጊጋፓስካል ማለት ወርዱ አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ክር 100 ኪሎ ያህል ሊያንጠለጥል ይችላል ማለት ነው።

ይህ ከተሰማ በኋላ ሁሉም ወደ ክር ተመለከተ። ነገር ግን ቧንቧዎቹ አጭሮች ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ከሚሊ ሜትር ሺሕኛ ጥቂት እጥፍ ብቻ ይረዝማሉ። ቢሰበሰቡም እንደ ተንቋጠጠ ጥጥ እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው ይቋጠራሉ። ስለዚህ የኮተቤዋ እናት በየቀኑ የሚገጥማቸው ጥያቄ በላቦራቶሪ ተደገመ፦ የተቋጠረውን እንዴት እንፍታው? ባንድ አቅጣጫስ እንዴት እናስተኛው? እንዳይንሸራተትስ በምን እንያዘው?

በ2000 በፈረንሳይ አገር በቦርዶ ያሉ ተመራማሪዎች ቧንቧዎቹን በፈሳሽ በትነው ክር አወጡ። በ2002 በቤጂንግ የጺንግኋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሰሌዳ ላይ እንደ ስንዴ ማሳ ተጠጋግተው የበቀሉ ቧንቧዎችን ከዳር ሲስቡ አንዱ ሌላውን እያስከተለ ቀጭን ክር ሆኖ እንደሚወጣ አሳዩ። አመልማሎ ሲሳብ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በ2004 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ቧንቧዎቹ ከተወለዱበት ምድጃ እንደ ጭስ እየወጡ በቀጥታ በመዘውር ላይ ተጠቀለሉ።

ለዚህ ጥናት ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ግን በዚያው በ2004 በዳላስ፣ ቴክሳስ የሆነው ነው። የፕሮፌሰር ሬይ ባውማን ቡድን ከማሳው የሚሳበውን ክር ለማጠንከር ሲፈልግ ተባባሪ የሆነው ኬን አትኪንሰን የተባለ፣ በአውስትራሊያ የጨርቃ ጨርቅ ምርምር ተቋም የሚሠራ የሱፍ ፈትል ባለሙያ ነበር። መፍትሔውም ክሩ እየተሳበ እንዲከር ማድረግ ሆነ። ሳይከር የተሳበው እጅግ ደካማ ነበር፤ የከረረው ከ150 እስከ 300 ሜጋፓስካል ቻለ፤ ሁለቱ ተደርበው ሲገመዱም ከ250 እስከ 460 ደረሰ። ጸሐፊዎቹ በጽሑፋቸው አርእስት ላይ እንኳ ሥራቸው አንድን የጥንት ጥበብ ወደ ደቃቅ መጠን ማሳነስ መሆኑን ሳይደብቁ ገልጸዋል።

ሌላው መንገድ ሳይጠመዘዝ መፍተል ነው። በሂዩስተን የሚገኘው የራይስ ዩኒቨርሲቲ ቧንቧዎቹን በብርቱ አሲድ ማሟሟትን መረጠ። በክሎሮሰልፎኒክ አሲድ ውስጥ ቧንቧዎቹ ይለያያሉ፤ ሲበዙም ባንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። ፈሳሹ በጠባብ ቀዳዳ ሲገፋና አሲዱ ሲታጠብ፣ እየተሳበም ሲጠቀለል ክር ይሆናል። ይህ ከእንዝርት ይልቅ የሐር ትልን አሠራር ይመስላል። በጥር 2013 በሳይንስ መጽሔት የታተመው የዚህ ሥራ ጽሑፍ የመጀመሪያ ጸሐፊ ሆኖ የተመዘገበው ናትናኤል በሃብቱ ነው፤ ስሙን ያነበበ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የማን አገር ስም እንደ ሆነ ለመለየት ሌላ ምስክር አያስፈልገውም። ሥራውን የመሩት ፕሮፌሰር ማቴዮ ፓስኳሊ ነበሩ። እዚህም ላይ የፈትል ባለሙያ ሳይጠራ አልቀረም፤ አራሚድ የተባለውን ጠንካራ ክር የሚፈትለው የኔዘርላንዱ ቴይጂን አራሚድ ኩባንያ ተባባሪ ነበር።

ክሩ በአማካይ 1 ጊጋፓስካል ያህል ቻለ፤ ከዚያ በፊት በዚህ ዓይነት መንገድ ከተሠሩት ዐሥር እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። ኤሌክትሪክንና ሙቀትንም እንደ ብረት ሽቦ ያስተላልፍ ነበር። ለማሳያም ሁለት ክሮች አንድ መብራት አንጠልጥለው ይዘው፣ የሚያበራውን ኤሌክትሪክ ራሳቸው አደረሱለት። ከኤዲሰን የከሰለ ጥጥ 134 ዓመት በኋላ የካርቦን ክር መብራቱንም ተሸካሚ ሆነ። በ2021 ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ጽሑፍ ጥንካሬው 4.2 ጊጋፓስካል መድረሱን አስታወቀ።

6. የሁለቱ ንጽጽር

ከአንድ ቧንቧ ጥንካሬ ጋራ ስናስተያየው 4.2 እንኳ ገና ጥቂት ነው። የቀረው ኃይል ወዴት ሄደ? መልሱ በኮተቤ በማጉያ መነጽር ያየሁት ነው፤ ክሩ የሚለያየው በአብዛኛው ፀጉሩ ሳይሰበር በመንሸራተት ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ከሁሉ በላይ የሚመለከቱት የቧንቧው ርዝመት ከውፍረቱ ስንት እጥፍ እንደ ሆነ ነው፤ እጥፉ በበዛ ቍጥር ጎረቤት ከጎረቤት የሚያያዝበት ቦታ ይበዛልና። የጥጥ ፀጉር ርዝመቱ ከውፍረቱ ከሺሕ እጥፍ በላይ ነው። ለፈትል የሚመረጡት ናኖቱቦችም እንዲሁ በሺሕ የሚቈጠር እጥፍ ናቸው። መጠናቸው እጅግ ይራራቅ እንጂ መልካቸው አንድ ነው።

ልዩነቱን መደበቅ ግን አይገባም። ጥጥን የሚይዘው በመክረር የተገኘው መተሻሸት ነው። ናኖቱቦች ግን እጅግ ከተቀራረቡ በአተሞች መካከል ባለው ስበት ሊያያዙ ስለሚችሉ የራይሱ ክር ሳይጠመዘዝ ጠነከረ። ስለዚህ ፈታይዋ ናኖቱብን ታውቅ ነበር ማለት ሐሰት ነው። እውነቱ ይህ ነው፤ መንደፍ፣ ማስተኛት፣ መሳብና ማያያዝ የተባሉት አራት ሥራዎች በቅደም ተከተላቸው በሁለቱም ቤት አሉ፤ ማንኛውም ላቦራቶሪ ከእነዚህ አንዱን ሳይሠራ ክር አላወጣም።

7. መደምደሚያ

በከተማችን ምሥራቅ ጫፍ ያለው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2014 ሥራ ጀምሮ ብዙ ወጣት ሴቶችን ቀጥሯል። በዚያ በልብስ በኩል ያለው ሥራ በብዛት ከውጭ የመጣውን ጨርቅ ቈርጦ መስፋት ነው። እንግዲህ በአንድ ምሥራቅ አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ነገር እናያለን። በሰማይ በሌላ አገር የተፈተለ የካርቦን ክር ያልፋል፤ በፓርኩ በሌላ አገር የተፈተለ ጨርቅ ይሰፋል፤ በኮተቤ ደጃፍ መፍተል የሚያውቁት እናት ድር የሚገዛቸው አጥተው ማግ ብቻ ይፈትላሉ።

መኪናውን ትተን ወደ እንዝርት እንመለስ የምል እንዳልሆንኩ አንባቢ ይረዳልኛል። የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የዳላሱ ቡድን በቸገረው ጊዜ የሱፍ ፈታይ ጠራ፤ የሂዩስተኑ የአራሚድ ፈታይ ጠራ። እኛ ግን በአጠገባችን ያሉትን ፈታዮች ጠርተን አንድ ስንዝር ክር ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚያከሩ፣ የድራቸው ክር ስንት ግራም እንደሚችል ቈጥረን በጽሑፍ ያኖርነው የት አለ? ይህን ለመሥራት ማጉያ መነጽር፣ ሚዛንና ትዕግሥት ይበቃል። ታሪክ፣ ፊዚክስና ጨርቃ ጨርቅ የምንማር ተማሪዎች ተባብረን ልናደርገው እንችላለን፤ ድር የሚፈትሉት እጆች ሳያርፉ ግን መሆን አለበት።

ከመጨረሻው ጉብኝቴ ስመለስ ታላቋ እናት አንድ ትንሽ ልቃቂት ሰጡኝ። ለእኔ ሲሉ እንደ ቀድሞው የፈተሉት ድር ነው። በጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ ለመለካት ግን እስካሁን አልቈረጥኩትም። በሚመጣው የትምህርት ዘመን ከጓደኞቼ የሚተባበረኝ ቢገኝ ከእርሱ እንጀምራለን። በዚህ ጽሑፍ ስሕተት ያገኙ መምህራንና ጓደኞች እንዲያርሙኝ በትሕትና እለምናለሁ።